የጁጁ ሠርግና የጠልሰም ዓይን

በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ስብስብ ውስጥ «የጁጁ ሠርግ» የሚባል አንድ ትንሽ ሥዕል ይገኛል። የሠሩት ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን ሲሆኑ ዘመኑ 1964 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸው ይታወቅ። የሥዕሉ መጠን በቁመትም ሆነ በወርድ ከግማሽ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። የተሠራውም በሸራ ላይ ሳይሆን በተቈረጠና በተቀደደ ካርቶን ላይ፣ በቴምፔራና እንደ ብረት በሚያንጸባርቅ ቀለም ነው። ሠዓሊው በእነዚያ ዓመታት በደረሱባቸው በብዙዎቹ ሥራዎች የሚኖሩት ፍጥረታት ወፍ ናቸው ሲሏቸው ሰው፣ ሰው ናቸው ሲሏቸው የፍሬ ዘር ወይም የሌሊት ነፍሳት ይመስላሉ፤ ዓይን ከማይበቅልበት ቦታ ዓይን ይበቅልባቸዋል፤ ደማቁ ቀለማቸውም ከጨለማ መደብ ላይ እንደ ፋና ይበራል። ተመልካች መጀመሪያ ፈገግ ይላል። ጥቂት ቈይቶ ግን የሚያየው ነገር መልሶ የሚያየው ሲመስለው ፈገግታው ይቀንሳል።

ስለ እስክንድር ሥራ ሲነገር ሁለት ፍርዶች ይደጋገማሉ። አንደኛው፣ ሥዕሉ የሕልም ጨዋታ ነው፤ ሠዓሊው ሕልምንና ከንቃት በታች ያለውን አሳብ ከሚያከብረው ከፓሪሱ የሱሪያሊዝም ትምህርት ቀስመውታል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ የለም፣ ይህ የደብተራ ክታብ ነው፤ የአገር ልጅ የአገሩን ጠልሰም በአዲስ ቀለም ደገመው የሚል ነው። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ጉዳታቸው ከፊሉ እውነት ከምርመራ የሚያሳርፍ መሆኑ ነው። «ሕልም ነው» ያለ ሰው ፍጥረታቱ ምን ሥራ እንዳላቸው አይጠይቅም፤ «ክታብ ነው» ያለም ከክታቡ የጐደለውን ነገር አይቈጥርም። የሰውን ልማድና እምነት ለሚመረምር ግን ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ሥዕሉ ለማን ተሠራ? ምን እንዲያደርግስ ተሠራ?

የሠዓሊውን ሕይወት በአጭሩ ማስታወስ ይበቃል። እስክንድር በ1937 በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው የአርመን ዝርያ ያላቸው የክብር ዘበኛ መኰንን ሲሆኑ እናታቸው ኢትዮጵያዊት ነበሩ። በ1955 በመንግሥት ወጪ ለትምህርት ወደ ለንደን ተላኩ፤ በ1957 ወደ ፓሪስ ተሻግረው እስከ 1966 ድረስ በዚያ ኖሩ። በ1963 የፓሪስ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር አንድ ሥራቸውን ገዛ። ወደ አገራቸው ተመልሰው እስከ 1969 በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ በ1967 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ፤ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄደው በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዘመን ካስተማሩ በኋላ በ2003 በዚያው ከተማ ዐረፉ። ስማቸው በግእዙ ዜና እስክንድር ውስጥ ጎግንና ማጎግን በበር ከዘጋው ንጉሥ ስም ጋር አንድ መሆኑን የአስማት መጻሕፍት ወዳጆች በደስታ ያነሡታል፤ ደስ የሚያሰኝ መገጣጠም ነው፣ ማስረጃ ግን አይሆንም።

በመጀመሪያ የሥዕሉን አርእስት መመርመር ይገባል። «ጁጁ» የሚለው ቃል የአማርኛም፣ የግእዝም፣ የኦሮምኛም አይደለም። በምዕራብ አፍሪቃ ጠረፍ ኀይል ያደረበትን ዕቃና ያንኑ ኀይል ለመግለጽ የሚነገር ቃል ነው። በአዲስ አበባ ያደገ ልጅ ስለ ዛር፣ ስለ ቡዳ፣ ስለ ዓይነ ጥላ ይሰማል እንጂ ስለ ጁጁ አይሰማም። እንግዲህ ሥዕሉ የኢትዮጵያ ክታብ ድጋሚ ነው የሚሉ ሰዎች ገና ከአርእስቱ ላይ እንቅፋት ያገኛቸዋል። ይህ ስም የመጣው የአፍሪቃና የካሪብ ጸሓፊዎችና ሠዓልያን በአንድነት ይከራከሩባት ከነበረችው ከፓሪስ ነው። የኤሜ ሴዜር ግጥምና የሸይኽ አንታ ዲዮፕ ታሪክ የሚነበብባት፣ የኩባው ሠዓሊ የዊፍሬዶ ላም ሥዕል የሚታይባት ከተማ ነበረች። እስክንድር መናፍስቱን የጠሯቸው በአገራቸው ስም ሳይሆን በአፍሪቃዊ ስም ነው። ይህን አለማስተዋል የሠዓሊውን አሳብ በግማሽ መቍረጥ ይሆናል።

ስለ ክታቡ ግን ረዘም አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ በስሙ ብቻ እየተጠቀሰ ታልፏል። የበግ ወይም የፍየል ቆዳ ተፍቆ ብራና ከሆነ በኋላ ጠባብ ጠባብ ሆኖ ይቈረጥና ጫፍና ጫፉ በቀጭን ጠፍር ይሰፋል። ርዝመቱ በባለቤቱ ቁመት ይለካል፤ ከራስ ጠጕር እስከ እግር ጥፍር እንዲጠብቅ ታስቦ ነው። ጸሎቱ በጥቁር ቀለም፣ የባለቤቱ የክርስትና ስምና የተከበሩት ስሞች በቀይ ቀለም ይጻፋሉ። ከባለቤቶቹ መካከል ሴቶች ይበዛሉ፤ ከሕመሞቹም ሾተላይ ጐልቶ ይታያል። ስለዚህ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረሱ ተቀምጦ፣ ሕፃናትን የምትገድለውን ወርዘልያን በጦር ሲወጋ በብዙ ክታብ ላይ ይገኛል። በጽሑፉ መካከል ሌሎችም ሥዕሎች ይገባሉ፤ ሰይፉን የመዘዘ መልአክ፣ በመካከሉ የሰው ፊት ያለበት ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ፣ አጋንንት የሚያዙበት የሰሎሞን መረብ፣ ከየማዕዘኑ የሚያፈጡ ዓይኖች። ክታቡ ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ይከተትና በአንገት ይንጠለጠላል፤ አንዳንዱም ተዘርግቶ በቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

የእነዚህ ሥዕሎች መልክ ለማያውቃቸው ሰው ያስቃል። ፊቱ ክብ ነው፤ ዓይኑ ከፊቱ ይበልጣል፤ እጅ የሌለው ክንፍ ይኖረዋል፤ ከኮከቡ ጫፍ ላይ ሌላ ትንሽ ፊት ብቅ ይላል። የቱሪስት ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ገብቶ ክታብ የሚገዛ እንግዳ «ተጫዋች ሥዕል» ቢለው አይፈረድበትም። ነገር ግን ፈረንሳዊው ተመራማሪ ዣክ መርሲዬ ከደብተሮች ጋር ለብዙ ዓመታት ሠርተው እንዳስረዱት፣ ጠልሰም የሚሠራው በዓይን ነው። ታማሚው ሥዕሉን ሲመለከት የሚያየው እርሱ ብቻ አይደለም፤ ያደረበት ጋኔንም በታማሚው ዓይን በኩል ወደ ውጭ ያያል፤ በዚያም ጊዜ የጠልሰሙ ዓይን ይጠብቀዋል፤ ደንግጦም ይለቃል። ዓይኑ ከልክ በላይ የተለቀው ሠዓሊው መሳል ስላልቻለ ወይም ልጅ መሆን ስለ ወደደ አይደለም። ሥዕሉ ለተመልካቹ ደስታ አልተሠራም፤ ከተመልካቹ በስተጀርባ ለተደበቀው ሌላ ተመልካች ነው የተሠራው።

አንድ ልማድ ደግሞ አለ፤ ክታቡ በሽያጭ ወይም በውርስ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የፊተኛው ባለቤት ስም ይፋቅና የአዲሱ ባለቤት ስም ይጻፍበታል። በቤተ መዛግብት ያሉትን ክታቦች የሚያገላብጥ ሰው የዚህን ፍቀት ጠባሳ ደጋግሞ ያየዋል። ሥዕሉ ግን አይነካም፤ ስሙ ብቻ ይለወጣል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል አይደለም፤ ሥዕሉ ብቻውን ኀይል አለው ቢባልም ስም ካልተጻፈለት ለማን እንደሚሠራ አያውቅም ማለት ነው። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ ክታብ እንደዚሁ ነው፤ ያፈጣል፣ የሚያየው ሰው ግን ስሙ አልተጻፈበትም።

እንግዲህ ሱሪያሊዝም ወዳደገባት ወደ ፓሪስ መመለስ ይቻላል፤ ክታቡ ራሱ ከእስክንድር በፊት በዚያ ደርሶ ነበርና። የማርሴል ግሪዮል የዳካር ጅቡቲ ጉዞ በ1932 ጐንደር ከርሞ ከብዙ ዕቃ ጋር ክታቦችን ሰብስቦ ወደ ፓሪስ ወሰደ። የጉዞው ጸሓፊ ሚሼል ሌሪስ ቀደም ሲል ከሱሪያሊስቶቹ ማኅበር የነበረ ሰው ነው። በ1933 «ሚኖቶር» የሚባለው፣ ሱሪያሊስቶቹ ይጽፉበት የነበረው ያማረ መጽሔት ሁለተኛ ቍጥሩን ለዚህ ጉዞ ሰጠ፤ በዚያም የጉዞው አባል የነበረችው የቋንቋ ሊቅ ዲቦራ ሊፍሺትዝ ስለ ኢትዮጵያ ክታቦች ጽፋ አሳተመች። (ይህች ትጉ ሴት በአይሁድነቷ ተይዛ በ1942 ወደ አውሽቪትዝ ተላከች፤ በዚያም ጠፋች። በጥንቆላና በሃይማኖት መካከል ስላሉት የኢትዮጵያ ጽሑፎች በ1940 ያሳተመችውን መጽሐፍ የሚያነሣ ሰው ይህንም አብሮ ሊያነሣ ይገባል።) ስለዚህ የሱሪያሊስቶቹ መጽሔት የደብተራውን ዓይን ባተመ ጊዜ እስክንድር ገና አልተወለዱም፤ አራት ዓመት ይቀራቸው ነበር። «ሠዓሊው ሱሪያሊዝምን ከፓሪስ ቀሰሙ» ለሚለው ሰው መልሱ፣ ፓሪስም ከጐንደር የወሰደችው ነበር የሚል ይሆናል።

የዚህ ልውውጥ መራራ ምሳሌ የጐንደሩ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ጉዞው የቤተ ክርስቲያኑን ሥዕሎች ከግድግዳ አውልቆ ወደ ፓሪስ ሲወስድ በምትካቸው ሌሎችን ሣለ፤ ሣዩም አብሮ የመጣው የፓሪሱ ሠዓሊ ጋስቶን ልዊ ሩ ነበር። እስክንድር ፓሪስ በደረሱበት ዘመን የጐንደር ሥዕል በፓሪስ፣ የፓሪስ ሠዓሊ እጅ በጐንደር ነበረ። ከዚህ በኋላ «የእኛ» እና «የእነርሱ» እያሉ መለየት እንደሚመስለው የቀለለ ሥራ አይደለም።

ነገር ግን ሱሪያሊስቶቹ በክታቡ ላይ ያላዩት ነገር አለ። ለእነርሱ እንግዳ ምስል የአንድ ሰው ድብቅ አሳብ ፍሬ ነው፤ ሠዓሊው ራሱን ለቆ እጁን እንደ ወደደ ሲያስሄድ የሚገኝ ነው። የደብተራው እጅ እንደ ወደደ አይሄድም። ኮከቡ ስንት ጫፍ እንደሚኖረው፣ ሥዕሉ ለየትኛው ሕመም እንደሚስማማ፣ አንዳንዴም ብራናው ከምን ዓይነት እንስሳ እንደሚወጣ የተቀበለው ሥርዓት አለ፤ የባለቤቱም ኮከብ ይቈጠራል። በጠልሰም ውስጥ እንግዳ የሆነው መልክ የግል ሕልም ሳይሆን የጋራ ሰዋስው ነው።

እስክንድር ከሁለቱ የትኛውን ያዙ? ካርቶኑን በማየት ይጀመር። ክታብ የተለያየ ቍራጭ ተሰፍቶ አንድ የሚሆንበት ዕቃ ነው፤ «የጁጁ ሠርግ» ግን የተቈረጠና የተቀደደ ነው። ሰፊው ደብተራ የሰውን ሙሉ ቁመት ለማግኘት ይቀጥላል፤ ቀዳጁ ሠዓሊ ግን የፋብሪካ ካርቶንን ቀጥ ያለ ጠርዝ ሊያጠፋ ይቀዳል። የተቀደደ ጠርዝ እንደ ቆዳ ጠርዝ ያልተስተካከለ ነው፤ ፍጥረቱ ከራሱ ቆዳ ላይ የቆመ ይመስላል። የሚያንጸባርቀው ቀለምም ተመልካቹ በተንቀሳቀሰ ቍጥር ብርሃኑን ይለውጣል፤ በጧፍ ብርሃን የሚታይ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያውቅ ሰው ይህን አሠራር እንግዳ አይለውም። በዚህ በኩል ሠዓሊው ለክታቡ ቅርብ ናቸው፤ መልኩን ሳይገለብጡ አካሉን አስታውሰዋልና።

የሚርቁት በሥራው ነው። «የጁጁ ሠርግ» የማንም ስም አልተጻፈበትም፤ የሚያባርረውም ጠላት የለውም። የክታቡ ዓይን አንድ ቃል ብቻ ይናገራል፤ ውጣ ይላል። በዚህ ሥዕል ግን መናፍስቱ የተጠሩት ለሠርግ ነው። ጠላት የነበረው ተጋባዥ ሆነ። የሥዕሉ ጨዋታ ይኸ ነው፤ ከቀለሙ ድምቀትና ከቅርጹ አስቂኝነት ይልቅ ጨዋታው በዚህ የሥራ ለውጥ ላይ ይገኛል።

ይህም ለውጥ ከሠዓሊው ምናብ ብቻ የወጣ አይደለም። አገሪቱ መናፍስትን የምትይዝበት መንገድ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ነው። ክታቡ ያባርራል፤ የዛር ቤት ግን ያስተናግዳል። ባለ ዛሩ ታማሚ ዛሩን ስሙን አስጠርቶ፣ የሚወደውን ልብስ፣ ሽቱና ቡና አቅርቦ፣ እያስገዘፈ ዕድሜውን ሁሉ አብሮት ይኖራል። ሌሪስ በጐንደር ያየውን መርምሮ በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ በዛር ላይ ያለውን የቴያትር ጠባይ ገልጿል፤ አዲስ የገባችው ታማሚ እንደ ሙሽራ ትቈጠራለች፣ ሚዜም ይቆምላታል። እንግዲህ ከአርእስቱ ሁለት ቃላት «ጁጁ» ከምዕራብ አፍሪቃ ቢመጣም፣ የመንፈስ ሠርግ በጐንደር የዛር ቤት የታወቀ ነገር ነው። እስክንድር ይህን መጽሐፍ አንብበዋል ብሎ መከራከር አያስፈልግም፤ የዛር ቤት ከበሮ በአዲስ አበባ ለመስማት መጽሐፍ አያሻም ነበር። የሌሪስ ትልቁ ትዝብት ግን ለዚህ ሥዕል ይጠቅማል። በዛር ቤት የሚጫወተው ሰው ያስመስላል ወይስ በእውነት ተይዟል የሚለው ጥያቄ ቍርጥ መልስ አያገኝም፤ ሰዎቹ ይስቃሉ፣ ይሳለቃሉ፣ ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው። ጨዋታና ፍርሀት አንዱ ሌላውን ሳያስወጣ በአንድ ቤት ያድራሉ።

ይህን ለማስረዳት ጐንደር ድረስ መሄድ ግድ አይደለም። የአሰላና የአርቦዬ አገር በሆነው በአርሲ ምድር የሚገኘው ፈረቃሳ ከዚያ ይበልጥ ግልጽ ምስክር ነው። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዚያ የተቀመጡት ሞሚና በመንፈስ ኀይላቸው የታወቁ ሴት ነበሩ፤ ካረፉም በኋላ ቦታው እስላሙም ክርስቲያኑም ስለት ይዞ የሚሄድበት ሆኖ ቈየ። የመጣው ሰው ችግሩን ይናገራል፣ ቡናው ይፈላል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ዜማው ይወርዳል፤ መንፈሱም ይወደሳል፣ ይለመናል፣ ስለት ይገባለታል። የደብተራው ብራና ሌላውን መንገድ ይዞ፣ በየአንገቱ ተንጠልጥሎ፣ የራሱን ሥራ ይሠራል፤ የእስላሙም ሂርዝ በቆዳ ተሰፍቶ እንዲሁ። አንድ ገበሬ ሁለቱንም መንገድ በአንድ ዓመት ውስጥ ቢሞክር ጎረቤቱ አይደነቅም። «ባህል» የሚባለውን ነገር እንደ አንድ ወጥ ዕቃ አንሥተው ከሥዕል ጎን ለሚያቆሙ ተቺዎች ይህ ሊከብዳቸው ይገባል፤ ሠዓሊው የትኛውን ባህል ወረሱ? የሚያባርረውን ወይስ የሚያስተናግደውን? «የጁጁ ሠርግ» የክታቡን ዓይን በዛሩ ቤት አስቀምጧል ቢባል ከሁለቱ የተለመዱ ፍርዶች ይልቅ ለእውነት ይቀርባል።

ይህ ማለት ሥዕሉ ከፓሪስ ምንም አልተቀበለም ማለት አይደለም። እስክንድር ለስዊሱ ፓውል ክሌ ያላቸው ፍቅር የታወቀ ነው። የክሌ ትንሽ የውሃ ቀለም ሥዕል፣ በ1922 የተሠራችው «የምትንጫጫዋ መኪና»፣ በዚያው በኒው ዮርኩ ቤተ መዘክር አለች። አራት ቀጫጭን ወፎች በሚዞር ዘንግ ላይ ተሰልፈው አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ዘዋሪው ግን አይታይም። ሰው ስቆ ሳይጨርስ ወፎቹ ታስረው ይሆን ብሎ ያዝናል። ከዚህ እስክንድር የተማሩት ትንሽ ሥዕል ትልቅ ፍርሀትን መሸከም እንደሚችል ነው። ልዩነቱም ይታያል፤ የክሌ ወፎች እኛን አያዩንም፣ በራሳቸው ጣጣ ተይዘዋል። የእስክንድር ፍጥረታት ግን ፊት ለፊት ያፈጣሉ፤ ይህን ያስተማራቸው ብራናው ነው።

መጠኑም ለፍርድ ይገባል። በዚያው በ1964 እስክንድር «የፍርሀትና የደስታ የሌሊት በረራ» የተባለውን ታላቅ የዘይት ቀለም ሥዕል ሠርተዋል፤ ወርዱ ከአንድ ሜትር ተኩል ይበልጣል፤ አሁን በሰሜን ካሮላይና የሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ይገኛል። ክንፍ ያላቸው ፍጥረታት በሌሊት ሰማይ ላይ ይበራሉ። ሥራው ግርማ አለው፤ በዝናም ከትንሹ ይበልጣል። ሆኖም ተመልካቹ ከሩቅ ቆሞ እንደ ሰማይ ያየዋል፤ ፍጥረታቱም እርስ በርሳቸው እንጂ ከእርሱ ጋር ጕዳይ የላቸውም። አርእስቱ ፍርሀትንና ደስታን ለያይቶ ይጠራቸዋል፤ በትንሹ ሥዕል ግን ሁለቱ ሳይጠሩ ተዋሕደዋል። ግማሽ ሜትር ካርቶን አንድ ሰው ብቻ ቀርቦ የሚያየው ነው፤ ሌላው ወረፋውን ይጠብቃል። በዚህ በኩል ትንሹ ሥዕል፣ ስም ባይጻፍበትም፣ እንደ ክታቡ አንድ በአንድ ይይዛል። በሌሎች የዚያ ዘመን ሥራዎቻቸው ነቍጡና ክሩ አንዳንዴ ከልክ አልፎ ዓይኑን የሚያደክምበት ጊዜ አለ፤ ሞልቶ የፈሰሰ ሥዕል ደግሞ ማፍጠጥ አይችልም።

በኋላ ዘመን መንገዱ በብዙ እጅ ተከፋፍሏል። ከተማሪዎቻቸው አንዱ የሆኑት ዘሪሁን የትምጌታ የጠልሰሙን ምልክት በቀርከሃ ላይ አሰለፉ። ደብተሮቹ ጌራና ገድዎንም በ1992 በፓሪስ በተከፈተው ስለ ንጉሥ ሰሎሞንና ስለ ኢትዮጵያ ጠልሰም በተዘጋጀው ኤግዚቢሽን ሥራዎቻቸው እንደ ሥነ ጥበብ ታዩ፤ ሚኖቶር ክታቡን ካተመ ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ ሠሪው በስሙ ተጠራ። እስክንድር ራሳቸው ከከበደች ተክለአብ ጋር በ2001 ለዋሽንግተኑ የኢትዮጵያ ኤምባሲ የሠሩት የአሉሚኒየም ግድግዳ የልዩ ልዩ ሃይማኖቶችን ምልክት፣ የዜማ መሣሪያውንና የቤት ዕቃውን፣ አራዊቱንና ዕፀዋቱን በአንድነት ይዟል። ሥራው የተዋበ ነው፤ እያንዳንዱ ምልክት ቦታውን ያውቃል፣ አገሪቱም በሙሉ ተወክላለች። መናፍስቱ ግን በዚያ ግድግዳ ላይ የሉም፤ ወይም ካሉ ሥርዓት ይዘው ተቀምጠዋል፣ የሚያፈጥም የለም። ቪዛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ሳይጨነቅ በፊቱ ያልፋል።